የአንድ ቤት ሁለት አፈር

*በቢጠና ዙሪያ ጓሮው ለምቶ ማሳው የደከመው ለምንድን ነው?*

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ብላቴ ወንዝ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ አገሩ ሁሉ በደን የተሸፈነ ሊመስለው ይችላል። ጠጋ ሲል የሚያገኘው ግን ደን ሳይሆን ሰፈር ነው። ቤቱ በእንሰት ተከቧል። ከእንሰቱ በላይ ዋንዛና ብሳና ይታያሉ፤ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ጎደሬና ጎመን አለ። ቤቱ ከጀርባ ሲቀር ጥላው በአንድ ጊዜ ያልቅና በቆሎ፣ ጤፍ ወይም ስኳር ድንች የተዘራበት ገላጣ ማሳ ይጀምራል።

የዱጉና ፋንጎ ወረዳ ዋና ከተማ ቢጠና በዚህ መልክዓ ምድር መካከል ናት። የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ አባርቶ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ ከጓሮ ወደ ማሳ በእግር መውረድ ብዙ ያስተምራል። በጓሮው አፈሩ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ሲረግጡት ሰመጥ ይላል፤ ሲዘግኑት በእጅ ላይ ይፈረፈራል፤ የደረቀውን ቅጠል ገለጥ ሲያደርጉት ትል ይንቀሳቀሳል። ጥቂት አለፍ ሲሉ ቀለሙ መቅላት ይጀምራል፤ ማሳው መካከል ሲደርሱ ደማቅ ቀይ ሆኗል። የዝናቡ ውኃ ጓሮው ውስጥ ሰርጎ ጠፍቷል። ማሳው ላይ ግን ቀጫጭን ቦይ እየቀደደ ወርዷል፤ ፀሐይ ሲያገኘውም የአፈሩ ፊት ቅርፊት ይዟል።

ዝናቡ አንድ ነው፤ የመሬቱ ተፈጥሮ አንድ ነው፤ ባለቤቱም አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው አጠቃቀሙ ነው። ዛፍ፣ ሰብልና ከብት በአንድ መሬት ላይ ተቀናጅተው የሚኖሩበት፣ ባለሙያዎች አግሮፎረስትሪ የሚሉት ጥምር ደን እርሻ ለአፈር እንደሚበጅ ብዙ ሰው ሰምቷል። በትምህርት ቤት ይነገራል፤ በየክረምቱ የችግኝ ተከላ መድረክ ላይም ይነገራል። እንዴት እንደሚበጅ፣ ከምን ጋር ሲነጻጸር እንደሚበጅ፣ ዋጋውንስ ማን እንደሚከፍል ግን ብዙም አይነገርም። ይህን ለመጠየቅ ከወላይታ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ከበረት እስከ እንሰት

የወላይታ ገበሬ መሬቱን በሁለት ስም ለይቶ ይጠራል። በቤቱ ዙሪያ ያለው፣ ፍግ የሚደርሰው መሬት ዳርኮዋ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ማሳ ሾካ ይባላል። የአፈር ተመራማሪው እያሱ ኤልያስ ከኢያን ስኩንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት የአፈር ለምነት ለውጥን ያዩት በዚሁ በገበሬው ክፍፍል ነው። ትክክለኛው አካሄድም ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የአንድ ቤተሰብን መሬት በአማካይ ለምነት መናገር ሁለቱንም አፈር አይገልጽም።

ዳርኮዋ በራሱ የለማ መሬት አይደለም፤ በየቀኑ የሚሠራ ነው። በባህላዊው የወላይታ ቤት ከብቶቹ የሚያድሩት ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ጎህ ሲቀድ እበቱና ጉዝጓዙ ተጠርጎ ወደ እንሰቱ ይወሰዳል። የምድጃው አመድ፣ የድንች ልጣጩ፣ የጎመን ግንዱ፣ የደጁ ጥራጊ ሁሉ መድረሻው እንሰት ሥር ነው። ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶችና ልጆች ናቸው። እርጥብ ፍግ የሞላው ቅርጫት ከባድ ስለሆነ ከቤት ብዙ አይርቅም። የዳርኮዋ ወሰን የሚያልቀው የተሸካሚዋ ጉልበት በሚያልቅበት ቦታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሸክሙ እስከ የት ሲመላለስ እንደኖረ አፈሩ ራሱ ይናገራል፤ ከቤቱ እየራቁ ሲሄዱ ቀለሙ ይለወጣል።

እንሰቱም የራሱን ድርሻ ያደርጋል። ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ በእነዚያ ዓመታት መሬቱ በማረሻ አይገለበጥም። ሰፊው ቅጠል ዝናቡን ይቀበላል፣ ሲደርቅም እዚያው ይነጠፋል። ሴቶች ሲፍቁት የሚተርፈው ብዙውን ጊዜ ከጓሮው አይወጣም። ከጓሮው የሚሄደው ቆጮው፣ ቡላውና አሚቾው ነው፤ እሱም ቢሆን አብዛኛው የሚበላው እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

እንሰት ፖታሲየም በብዛት የሚፈልግ ተክል ነው። የምድጃ አመድ ደግሞ ፖታሲየምና ካልሲየም በብዛት አለው። አመድ እንሰት ሥር መድፋት ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው ውጤቱ ስለታየ ነው። አመዱ ኮምጣጣ አፈርን ያለዝባል፤ ወላይታ ውስጥ ይህ ምን ያህል ትልቅ ጉዳይ እንደሆነ ወደ ማሳው ስንወርድ እናየዋለን።

> የዳርኮዋ ወሰን የሚያልቀው የፍግ ተሸካሚዋ ጉልበት በሚያልቅበት ቦታ ነው።

ሁለት ጓል፣ ሁለት ብርጭቆ

የአፈርን ጤንነት ለማየት ቤተ ሙከራ የግድ አያስፈልግም። የልማት ባለሙያዎች ለገበሬ የሚያሳዩት ቀላል ሙከራ አለ። ከጓሮው አንድ ጓል፣ ከማሳው አንድ ጓል ተወስዶ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ከዚያ ሁለቱም በሽቦ ወንፊት ላይ ሆነው ውኃ በሞሉ ሁለት ብርጭቆዎች ውስጥ ቀስ ተብለው ይቀመጣሉ። የማሳው ጓል ወዲያው አረፋ ያወጣል። ጠርዙ ይናዳል፤ ቀጥሎ መካከሉ ይሰነጠቃል፤ ብዙም ሳይቆይ ተበትኖ ብርጭቆው ሥር ቀይ ጭቃ ይሆናል፤ ውኃውም ይደፈርሳል። የጓሮው ጓል ግን ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል፤ ውኃው ጥርት ብሎ ጓሉን ከነሥሩ፣ ከነቀዳዳው ማየት ይቻላል።

ሁለቱም ሸክላማ አፈር ናቸው። የሚለያዩት በሚያጣብቃቸው ነገር ነው። የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ፣ የፈንገስ ክር፣ ጥቃቅን ሕያዋን የሚያመነጩት ሙጫና የትል እዳሪ የአፈሩን ቅንጣቶች ወደ ትናንሽ እንክብሎች ያያይዛሉ። በእንክብሎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት የውኃ፣ የአየርና የሥር መንገድ ነው። ማሳው ላይ ይህ ሙጫ አልቋል። የዝናብ ጠብታ ሲመታው እንክብሉ ይፈርሳል፤ ደቃቁ አፈር ክፍተቱን ይደፍናል፤ ፊቱ ቅርፊት ይሠራል፤ ውኃውም መግቢያ ሲያጣ ቁልቁል ይሮጣል። ጎርፍ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ድርቅም እንዲሁ፤ በሰኔ ያልሰረገ ውኃ በመስከረም ሰብሉን አያደርሰውም።

ተመራማሪዎች ይህንኑ በካርቦን፣ በናይትሮጅን፣ በአፈር ጥቅጥቅነት ይለኩታል። በደቡብ ኢትዮጵያ የተለያየ አጠቃቀም ያላቸውን መሬቶች ባነጻጸሩ ጥናቶች ተደጋግሞ የሚታየው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል፦ የተፈጥሮ ደን ከላይ ይሆናል፤ የእንሰትና ቡና ጓሮ ይከተለዋል፣ አንዳንዴም ይስተካከለዋል፤ የግጦሽ መሬት መካከል ላይ ይገኛል፤ ዓመት በዓመት የሚታረሰው ማሳ ከታች ይቀራል። በፎስፈረስ ጓሮው ደኑን ሊበልጥም ይችላል፤ ለደን ፍግና አመድ የሚያመጣለት የለምና። የባሕር ዛፍ መሬት እንደ ዕድሜውና እንደ አያያዙ ከፍ ዝቅ ይላል።

ዛፍ ከዛፍ ይለያል

ዛፍ ለአፈር ይጠቅማል ሲባል ዛፍ ሁሉ አንድ ሥራ የሚሠራ ይመስላል። የወላይታ ገበሬ እንዲህ አይልም። ብሳናን የሚወደው ቅጠሉ ረግፎ ቶሎ ስለሚበሰብስና መሬቱን ስለሚያለሰልስ ነው። ዋንዛ ጣውላው ውድ ነው፤ አበባው ለንብ ይሆናል፤ ሰፊ ቅጠሉም መሬት ላይ አይከርምም። ብርብራና ኮርች የባቄላ ዘመዶች ናቸው፤ ሥራቸው ላይ ካሉት ባክቴሪያዎች ጋር ሆነው ከአየር ናይትሮጅን ይስባሉ፤ ቅጠላቸው ሲረግፍ ይህ ሀብት ወደ አፈር ይገባል። በስምጥ ሸለቆው ቆላ የሚበቅለው ገርቢ ደግሞ ጠባዩ ይገርማል። ሌላው ዛፍ በሚለመልምበት ክረምት እሱ ቅጠሉን ያረግፋል፤ ስለዚህ ሥሩ የተዘራው በቆሎ ፀሐይ አይነፈግም፣ ቅጠሉን ግን ያገኛል።

ከመሬት በታች የሚሠራውም ሥራ ቀላል አይደለም። የበቆሎ ሥር የማይደርስበት ጥልቀት ላይ ዛፉ በዝናብ ታጥቦ የወረደውን ንጥረ ነገር ይይዛል፤ በቅጠል መልክ መልሶ ወደ ላይ ያመጣዋል። ያረጀው ሥር ሲበሰብስ የሚተወው ቀዳዳ ውኃን ወደ ጥልቅ ያስገባል። ይሁን እንጂ ዛፍ የሌለውን አይፈጥርም። ናይትሮጅንን ከአየር ማምጣት ይቻላል፤ ፎስፈረስን ግን አይቻልም። ፎስፈረስ ከፍግ፣ ከአመድ ወይም ከማዳበሪያ ከረጢት ካልመጣ ከየትም አይመጣም። በችግኝ ዘመቻ ንግግሮች ውስጥ ይህ ሲነሳ አልሰማም፤ መነሳት አለበት ባይ ነኝ።

ጥላ ብቻውን መሬት አይጠብቅም። ረጅም ዛፍ ቅጠሉ ላይ ያጠራቀመው ውኃ ትልልቅ ጠብታ ሆኖ ከከፍታ ይወርዳል። ሥሩ ያለው መሬት ተጠርጎ ገላጣ ከሆነ ጠብታው ከተራው ዝናብ የባሰ ይቆፍረዋል። የጓሮው ጥበብ መደራረቡ ላይ ነው፤ የዋንዛው ጠብታ እንሰት ላይ፣ የእንሰቱ ቡና ላይ፣ የቡናው ጎደሬ ላይ እያረፈ ኃይሉ ይበርዳል፣ በመጨረሻም የተነጠፈ ቅጠል ይቀበለዋል። በጌዴኦ ደጋማ ምድር ይህ ስልት ተራራውን ሁሉ ሸፍኖ ይታያል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ትልልቅ አገር በቀል ዛፎችን፣ እንሰትንና ቡናን አቀናጅቶ በያዘው በዚሁ አኗኗሩ ነው።

በማሳ መካከል ተበታትነው የቀሩ ብሳናዎችና ዋንዛዎችም አሉ። ከዛፉ ሥር ያለው አፈር ራቅ ብሎ ካለው ይልቅ ለም እንደሆነ ገበሬውም ተመራማሪውም ይስማሙበታል። ግን በቆሎው ጥላ ይጠላል። ስለዚህ ገበሬው ከዘር በፊት ቅርንጫፉን ይመለምላል፤ ቅጠሉ ለመሬቱ ወይም ለከብት፣ እንጨቱ ለምድጃ ይሆናል። ሳይመለምል የተወ ሰው በምርት ይከፍላል፤ ዛፉን የቆረጠም ውሎ አድሮ በአፈር ይከፍላል።

ሾካ፦ የማይመለስለት መሬት

ማሳው ለምን ደከመ? ተደጋግሞ መታረሱ አንዱ ምክንያት ነው። ለጤፍ መሬቱ ደጋግሞ ታርሶ ሊለሰልስ ይገባል፤ እንዲህ በተገላበጠ ቁጥር በውስጡ ያለው ብስባሽ አየር እያገኘ ይበላል። ዋናው ዝናብ ሲመጣም አፈሩ ያለ ሽፋን ያገኘዋል። መሬቱ እንዲያርፍ ማሳደር ደግሞ በዚህ የሕዝብ ጥግግት የማይታሰብ ሆኗል። ሁለት ጥማድ ያለው ገበሬ ራሱን እንደ ደህና ባለ መሬት በሚቆጥርበት ቦታ ማን መሬት ጦሙን ያሳድራል?

ሰብሉም ሲሰበሰብ ምንም አይተርፍም። የበቆሎው አገዳ ለከብት መኖ፣ ለማገዶ ወይም ለአጥር ይሄዳል። የጤፉ ጭድ ለከብት ነው፤ ለግድግዳ ምርጊትም ይፈለጋል። እህሉ ለገበያና ለቤት ነው። ከሾካ የሚወጣው ብዙ ነው፤ ወደ ሾካ የሚመለሰው ግን በዓመት አንድ ጊዜ በብድር የሚገዛ ማዳበሪያ ነው።

ማዳበሪያ ወደ ወላይታ በስፋት የገባው በምህጻሩ ዋዱ በሚባለው የግብርና ልማት ፕሮግራም ነው። ዋዱ እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ድጋፍ ተጀምሮ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር አቅርቧል፤ በቆላው አዳዲስ ሰፈራዎችንም አቋቁሟል። ዕድሜ ጠገብ ገበሬዎች የዚያን ዘመን የበቆሎ ምርት አሁንም በናፍቆት ያወሱታል። መሬቱ ያኔ ብስባሽ ነበረው፤ ማዳበሪያውም የሚይዘው አፈር አገኘ። አሁን ብዙዎች የሚያነሱት ቅሬታ ማዳበሪያው የድሮውን ያህል አይሠራም የሚል ነው። የከረጢቱ ዋጋ በ2014 ዓ.ም. ገደማ በዓለም ገበያ ሲሰቀል ቅሬታው ወደ ምሬት ተለወጠ። ብስባሽ ያጣ አፈር ማዳበሪያውን መያዝ ስለሚያቅተው ግማሹ ለሰብሉ፣ ግማሹ ለጎርፉ ይሆናል።

ኮምጣጣነቱም አለ። የወላይታ ቀይ አፈር ለዘመናት በዝናብ ሲታጠብ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ወርዷል፤ አሉሚኒየምና ብረት በርትተዋል። እነዚህ ፎስፈረስን አጥብቀው ይይዙታል፤ ገበሬው የከፈለበት ማዳበሪያ መሬቱ ውስጥ እያለ ተክሉ አያገኘውም። ዩሪያም በተደጋጋሚ ሲጨመር አፈሩን የበለጠ ያኮመጥጠዋል። ከአገሪቱ የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ይህ ችግር እንዳለበት ይነገራል። የሚመከረው ኖራ ነው። ኖራ ግን በሄክታር በቶን የሚቆጠር ጭነት ነው፤ መኪና የማይገባበት ማሳ ላይ ማን ተሸክሞ ያደርሰዋል? ጓሮው በአመድና በፍግ ከዚህ ችግር በብዙው ተርፏል። ማሳው አልተረፈም።

ታጥቦ የሄደው አፈር የት እንደደረሰ ማየት ለሚፈልግ ሩቅ አይደለም። ብላቴ የወላይታን ምሥራቃዊ ተዳፋት ውኃ ሰብስቦ አባያ ሐይቅ ይገባል። የአባያ ውኃ ቀይ ቡናማ ነው፤ ወንዞቹ ከደጋው የሚያመጡት ደቃቅ አፈር በውስጡ ተንሳፍፎ ይኖራል። ጉዳዩ አዲስ ግኝት አይደለም። ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ይሠራ የነበረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ከ40 ዓመት በፊት በአገሪቱ ካቋቋማቸው ጣቢያዎች አንዱ በወላይታ ጉኑኖ ነበር። እርከን ሲሠራና ሳይሠራ ምን ያህል አፈር እንደሚታጠብ እዚያ ተለክቷል። ማስረጃ አላጣንም።

> ከሾካ የሚወጣው ብዙ ነው፤ የሚመለሰው ግን በብድር የተገዛ ማዳበሪያ ብቻ ነው።

ባሕር ዛፍና አቮካዶ

በየመንገዱ ዳርና በየማሳው ጫፍ የባሕር ዛፍ ረድፍ ይታያል። የተማሩት በአብዛኛው ይነቅፉታል፦ ውኃ ይመጥጣል፣ ቅጠሉ በቶሎ አይበሰብስም፣ ከሥሩ ሌላ ነገር እንዲበቅል አይፈቅድም፣ ከጎረቤት ማሳም ይገባል። ነቀፋው በአብዛኛው እውነት ነው። ከባሕር ዛፍ ወሰን አጠገብ ያለ የበቆሎ ረድፍ ቀጭጮ ይታያል፤ በዚህ ሰበብ የሚነሳ የወሰን ክርክር የሽማግሌዎች የዘወትር ሥራ ነው። ቅጠሉን ለማገዶ ጠርጎ የሚወስድ ካለ ደግሞ መሬቱ ገላጣ ሆኖ ይቀራል።

የተከለውን ገበሬ የሚያዳምጥ ግን ሌላ ነገር ይሰማል። በጥቂት ዓመት ይደርሳል፤ ነጋዴው ቦታው ድረስ መጥቶ ይገዛዋል፤ የልጅ ትምህርት፣ ሠርግ፣ ሕክምና ሲመጣ ቆርጦ መሸጥ ይቻላል። ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ ጥበቃም ብዙ አያስፈልገውም። አንድ ጥቅም ደግሞ ነቃፊዎቹ ይረሱታል፤ ማገዶ ያለው ቤት እበቱን ኩበት አድርጎ አያነድም። በሌሎች የአገሪቱ ደጋዎች ፍግ የሚበላው ምድጃ ነው። ስለዚህ ባሕር ዛፍን ከወላይታ እንንቀል የሚለው አሳብ ከምድጃው ጋር ካልተመከረበት ጓሮውን ሊጎዳ ይችላል። ለእኔ የሚመስለኝ ከእርሻው ራቅ ብሎ፣ ለሌላ ሰብል በማይመች ተዳፋት ላይ ቢቆይ፣ ከማሳው ወሰን ግን ቢነሳ ነው።

አሳሳቢ ሆኖ የሚታየኝ የጓሮው ለውጥ ነው። የተዳቀለ አቮካዶ በየቤቱ እየገባ ነው፤ ገበያ አለው፣ ለሕፃናት ምግብ ይሆናል፣ ችግኙም በዘመቻ ይታደላል። መልካም ነው። ግን አቮካዶ ሲያድግ ጥላው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ወፍራም ቅጠሉም ቶሎ አይበሰብስም። ከሥሩ እንሰቱና ቡናው ይቀጭጫሉ። በእንሰት ላይ ደግሞ የአጠውልግ በሽታ አለ። ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ለሳይንሱ ዓለም ያስታወቁት ይህ የባክቴሪያ በሽታ በቢላዋና በተክል ንክኪ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይሄዳል፤ የተጠቃው እንሰት ተነቅሎ መቀበር አለበት። እንሰቱን በበሽታ ያጣ ገበሬ ባዶውን ቦታ አቮካዶ ቢተክልበት ማን ይወቅሰዋል? ከጊዜ በኋላ ግን ብዙ እርከን የነበረው ጓሮ ወደ አንድ እርከን ይወርዳል። ከሩቅ አሁንም አረንጓዴ ነው። ወላይታ ደግሞ ምድሩ ለምልሞ እያለ ሰው የተራበበትን፣ አረንጓዴ ረሃብ የተባለውን ክፉ ዘመን አይቷል። ስኳር ድንቹ ሲከሽፍ እንሰት ያለው ቤት የተሻለ ተቋቁሟል።

የሁምቦ ጉቶዎች

ከጓሮና ከማሳ ሌላ ሦስተኛ መሬት አለ፤ ተራራው። ከሶዶ በስተደቡብ ያለው የሁምቦ ተራራ ተራቁቶ ከኖረ በኋላ በዎርልድ ቪዥንና በሰባት የገበሬ ማኅበራት አማካይነት 2,728 ሄክታር መሬት ከግጦሽና ከቆረጣ ተከለለ። በዚያ የተሠራው በዋነኝነት ተከላ አልነበረም። ከመሬቱ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ያገገመው ተቆርጠው ሥራቸው ካልሞተ ጉቶዎች ነው። አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ በኒጀር ያዳበሩት ዘዴ ነው፦ ከጉቶው ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹ ተመርጠው ይቀራሉ፣ ሌሎቹ ይመለመላሉ፣ ከብት እንዳይገባ ይጠበቃል። ሥሩ ቀድሞውኑ መሬት ውስጥ ስላለ ዛፉ ከችግኝ በብዙ ይቀድማል።

ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዝግቧል፤ በ30 ዓመት ከ880,000 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲይዝ ታቅዷል፤ ከዚህ 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተዋውሏል። ገንዘቡም ለማኅበራቱ ይደርስ ነበር። የአካባቢው ሰዎች ግን ከካርቦኑ ይልቅ የሚያወሩት ስለ ሣሩና ስለ ምንጩ ነው። ከተከለለው ቦታ የሚታጨደው ሣር ለከብት ይሆናል፤ ከብቱ ፍግ ይሰጣል፤ ፍጉ ጓሮ ይገባል። ይህ ለአፈሩ ትልቅ ትርፍ ነው።

ጓሮው ከማን ይወስዳል?

የጓሮውን አፈር ከማሳው ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን ሁሉ ለዛፍ መስጠት ስህተት ነው። ጓሮው የለማው የማሳውም ሀብት ስለሚገባበት ነው። ከሾካ የታጨደው አገዳ፣ ከማሳ ዳር የተቆረጠው ሣር በከብት ሆድ አልፎ ፍግ ሲሆን የሚያርፈው ዳርኮዋ ላይ ነው። አቅጣጫው አንድ ብቻ ነው። ጥናት የሚያነብም፣ ጥናት የሚሠራም ይህን ልብ ሊል ይገባል። የጓሮው ትርፍ ከፊሉ ከማሳው የተነሳ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ በየማለዳው ቅርጫት ከምትሸከመው ሴት ነው። ዛፉ ይህን ሀብት ይጠብቃል፣ ያዞራል፣ ናይትሮጅን ይጨምርበታል። ብቻውን ግን አላመጣውም።

ስለዚህ የዳርኮዋ ስፋት የሀብት መለኪያም ነው። ብዙ ከብት ያለው ቤት ሰፊ ጓሮ አለው፤ አንዲት ላም እንኳ የሌለው ጓሮው ጠባብ ነው፣ እንሰቱም ይቀጥናል። ወላይታ ለዚህ የራሱ መላ አለው። ሀራ በሚባለው ስምምነት ባለሀብቱ ከብቱን ለሌላ ሰው ያስጠብቃል፤ ጠባቂው ወተቱንና ፍጉን ያገኛል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ስለ ወተት የሚደረግ ስምምነት ይመስላል፤ ከብት ለሌለው ቤት ግን ፍጉ ከወተቱ ያልተናነሰ ዋጋ አለው።

የግጦሽ መሬቱ እየታረሰ ሲሄድ ከብቱ ይቀንሳል። ከብት ሲቀንስ ፍግ ይቀንሳል፤ ፍግ ሲቀንስ ጓሮው ወደ ቤቱ ይሸሻል። የቀረውን ከብት ለመመገብ ከማሳው የመጨረሻው አገዳ ይለቀማል። በየዓመቱ ብዙ ዛፍ እየተተከለ የአፈሩ ድካም ያልቆመው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር የሚተከለው ችግኝ ቁጥር በየሪፖርቱ አለ። ምን ያህል ፍግና ብስባሽ ወደ ማሳ እንደተመለሰ የሚጠይቅ ሪፖርት ግን አላየሁም።

> የጓሮው ትርፍ ከፊሉ ከማሳው የተነሳ ነው።

የጓሮውን ሥራ ወደ ማሳ ማውረድ

ሾካን ወደ ዳርኮዋ መለወጥ አይቻልም፤ ለዚያ የሚበቃ ፍግ በአገሩ የለም። የጓሮውን አሠራር ግን በከፊል ወደ ማሳው ማውረድ ይቻላል። የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያው አካባቢ ይገኛል። ከጋሞ ጨንቻ የተስፋፋው ዴሾ ሣር በእርከን ላይ ሲተከል አፈሩን ያቆማል፣ ለከብትም ይታጨዳል፤ ከማሳው አገዳ ላይ ያለውን ጫና ያቀልላል። ብርብራና ኮርች በማሳ ወሰን ላይ ሆነው ቅጠላቸው ተመልምሎ እዚያው ቢነጠፍ ፍግ ሳይሸከሙ ናይትሮጅን ይደርሳል። ቦሎቄን ከበቆሎ ጋር አሰባጥሮ መዝራት ገበሬው የሚያውቀው ነው። የአገዳው ግማሽ እንኳ ማሳው ላይ ቢቀር ዝናቡ የሚያርፍበት ሽፋን ይኖራል። ፎስፈረሱና ኖራው ግን ከውጭ መምጣት አለባቸው፤ እዚህ ላይ መንግሥት ዋጋውንና ማጓጓዣውን ካልተሸከመ ገበሬው ብቻውን አይችለውም። ፍጉን ከቤት ራቅ አድርጎ ለማድረስም ቅርጫት አይበቃም፤ አንድ የእጅ ጋሪ የአንዲትን ሴት ማለዳ ይለውጣል፣ የዳርኮዋውንም ወሰን ወደፊት ይገፋል። እስካሁን በልማት ዕቅድ ውስጥ ጋሪ ሲጠቀስ እምብዛም አይታይም።

በአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል የእንሰትና የሥራሥር ሰብሎች ምርምር ይካሄዳል፤ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም የአፈርና የደን ባለሙያዎች አሉ። እውቀቱ ቅርብ ነው። ለመጪው ክረምት ችግኝ የሚያዘጋጁ የቀበሌና የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች አንድ ነገር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ፦ ችግኝ ከማደላቸው በፊት ገበሬውን፣ በተለይም ፍግ የምትሸከመውን ሴት፣ የትኛው ዛፍ ለየትኛው መሬት እንደሚሆን ይጠይቁ፤ ከአቮካዶውና ከባሕር ዛፉ ጎን ብሳና፣ ብርብራና ኮርች ያፍሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲጽፉም ስንት ችግኝ ተተከለ ከሚለው በታች ወደ ሾካ ምን ተመለሰ የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ።